የዝናብ ውሃ ማስወገጃ በመኖሪያ ቤት ግንባታ ቦታ፦ የሥራ ቅደም ተከተል ጥያቄ በአዲስ አበባ ሁኔታ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ውስጥ የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሕንፃው ካለቀ በኋላ፣ ከግቢ ንጣፍና ከአጥር ጋር ነው። ይሁን እንጂ ውሃ ግንባታን ይበልጥ የሚጎዳው ከዚያ በፊት፣ ጉድጓዱ ተከፍቶ፣ አፈሩ ተራቁቶ፣ ጣሪያውም አሸንዳ ሳይገጠምለት ባለበት ጊዜ ነው። ይህ ጽሑፍ የከተማዋን የዝናብ ወቅት፣ የመሬት አቀማመጥና የአፈር ዓይነት መነሻ አድርጎ፣ በታወቁ የሃይድሮሊክስና የአፈር ምሕንድስና ቀመሮች የተሠሩ ማሳያ ስሌቶችን ያቀርባል። ስሌቶቹ የሚያመለክቱት ችግሩ ከወጪ ይልቅ የቅደም ተከተል መሆኑን ነው። በመጨረሻም የማስወገጃ ሥራ የግንባታው የመጀመሪያ ምዕራፍ ሆኖ እንዲታቀድና በሥራ ዝርዝር ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍያ እንዲኖረው ጽሑፉ ሐሳብ ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ የዝናብ ውሃ ማስወገጃ፣ ጥቁር አፈር፣ ደጋፊ ግንብ፣ ደለል፣ የግንባታ ቅደም ተከተል

1. መግቢያ

የአንድ መኖሪያ ቤት የዲዛይን ሰነድ ጣሪያው ከየት ወደየት እንደሚያዘነብል፣ አሸንዳው በየትኛው ማዕዘን እንደሚወርድ፣ ከግቢው የሚወጣው ቱቦ ከየትኛው የመንገድ ቦይ ጋር እንደሚገናኝ ያሳያል። ሰነዱ የሚያሳየው ግን ያለቀውን ቤት ነው፤ ዝናቡ የሚያገኘው ደግሞ ያላለቀውን ነው። በአዲስ አበባ ተጀምሮ በአንድ በጋ የሚጠናቀቅ ቤት ጥቂት ነው። ገንዘብ በተገኘ ቁጥር የሚቀጥል የግል ግንባታ ሁለትና ሦስት ክረምት ሊያልፍበት ይችላል። በእነዚያ ክረምቶች የሚወርደውን ውሃ ማን፣ በምን፣ ወዴት እንደሚመራው የሚናገር ሥዕል ግን በአብዛኛው አይገኝም።

ውጤቱ በየሰፈሩ የሚታወቅ ነው። የጉድጓድ ግድግዳ ይናዳል፤ አዲስ የተሠራ ደጋፊ ግንብ ያዘነብላል፤ በጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ቤት ሰው ሳይገባበት ይሰነጠቃል፤ ከግንባታው የወጣ አፈር የታችኛውን ጎረቤት ቦይ ይደፍናል። እነዚህ የተለያዩ አደጋዎች ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ውሃው ከሥራው ቀድሞ ይደርሳል። በሚከተሉት ክፍሎች ይህ መዘግየት በየምዕራፉ ምን እንደሚያስከትልና እንዴት እንደሚታረም በቅደም ተከተል ይታያል።

2. የከተማዋ ዝናብ፣ ቁልቁለትና አፈር

አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የበልግ ዝናብ ቢኖርም፣ ትልቁ ድርሻ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ነው፤ ከሁሉም የሚበረታውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለግንባታ ባለሙያ ከዓመታዊው ድምር ይልቅ ሁለት ነገሮች ይበልጣሉ። አንደኛው ዝናቡ በአጭር ጊዜ ውስጥ በኃይል መውረዱ ነው። ሁለተኛው ዝናቡ ዕለት ዕለት በመደጋገሙ አፈሩ የትናንቱን ሳያደርቅ የዛሬውን መቀበሉ ነው።

የመሬቱ አቀማመጥም ለጎርፍ ይመቻል። በሰሜን ያለው የእንጦጦ ሰንሰለት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከላይ የሚነሣው ውሃ በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንትይቀጡና በሌሎች ወንዞች አድርጎ ወደ ትልቁና ትንሹ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብና ወደ አዋሽ ይሄዳል። ስለዚህ በጉለሌ፣ በየካ ወይም በኮልፌ ተዳፋት ላይ የሚሠራ ቤት ዋነኛ ችግሩ የሚሮጥ ውሃ ሲሆን፣ በቦሌ ወይም በአቃቂ ቃሊቲ ሜዳማ ክፍሎች የሚሠራ ቤት ዋነኛ ችግሩ የሚተኛ ውሃ ነው።

አፈሩም ይህንኑ ክፍፍል በአመዛኙ ይከተላል። በሰሜንና በምዕራብ ተዳፋቶች በብዛት የሚገኘው ቀይ አፈር ውሃን በመጠኑ ያሳልፋል። በደቡብና በምሥራቅ ሜዳዎች የሚበዛው ዋልካ ወይም ጥቁር አፈር ግን ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተርና በጥልቀት የሚሰነጠቅ የሸክላ ዓይነት ነው። ከረጠበ በኋላ ውሃ አያሳልፍም ለማለት ይቻላል። በመሆኑም ለአንዱ አፈር የሚስማማ መፍትሔ ለሌላው ጉዳት ሊሆን ይችላል።

3. የሚመጣውን ውሃ መጠን ማወቅ

የውሃ ማስወገጃ ዕቅድ የሚጀምረው ከቁጥር ነው። ለአነስተኛ ተፋሰስ የተለመደው ስሌት ራሽናል ሜተድ በመባል የሚታወቀው ነው፤ የቀድሞው የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን የድሬኔጅ ዲዛይን ማኑዋልም ለአነስተኛ ተፋሰሶች ይጠቀምበታል። በዚህ ዘዴ ከፍተኛው ፍሰት በሜትር ኩብ በሰከንድ የሚገኘው፣ የፍሰት ምጣኔን በዝናቡ ብርታት (በሚሊ ሜትር በሰዓት) እና በቦታው ስፋት (በሄክታር) አባዝቶ ለ360 በማካፈል ነው። የፍሰት ምጣኔ ማለት ከወረደው ዝናብ ውስጥ ወደ ጎርፍነት የሚለወጠው ድርሻ ነው። ሣር ለለበሰ መሬት 0.3 አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ ለቆርቆሮ ጣሪያና ለኮንክሪት ንጣፍ ወደ 0.9 ይጠጋል።

ለማሳያ ያህል የዝናቡ ብርታት በሰዓት 90 ሚሊ ሜትር ነው ቢባል፣ ሣር ከለበሰ 1 ሄክታር መሬት የሚወጣው ፍሰት በሰከንድ 75 ሊትር ይሆናል። ያው መሬት በቤቶችና በንጣፍ ተሸፍኖ ምጣኔው 0.8 ቢደርስ ፍሰቱ በሰከንድ 200 ሊትር ይሆናል። ዝናቡ ሳይጨምር ጎርፉ ከ2.5 እጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው። እዚህ ላይ የተወሰደው ብርታት ለስሌቱ ማሳያነት ብቻ የቀረበ ስለሆነ፣ ለእውነተኛ ዲዛይን በማኑዋሉ ለየዝናብ ክልሉ ከተዘጋጁት የብርታት፣ የቆይታና የድግግሞሽ ኩርባዎች መነበብ አለበት።

በአንድ ቤት መጠን ሲታይ ቁጥሩ ይበልጥ ይጨበጣል። በ200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 6,000 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ይህም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 300 ጀሪካን ነው። ይህ ሁሉ ውሃ መውጫ ካልተዘጋጀለት የሚሰበሰበው በቦታው ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ነው። በግንባታ ቦታ ላይ ዝቅተኛው ነጥብ ደግሞ ምንጊዜም የመሠረቱ ጉድጓድ ነው።

4. ከቁፋሮ በፊት፦ የላይኛውን ውሃ ማስቀየስ

በተዳፋት ላይ ባለ ቦታ ከራሱ ከቦታው ዝናብ ይልቅ ከላይ የሚመጣው ውሃ ይበዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከቁፋሮው በላይ፣ ከቦታው የላይኛ ወሰን ጎን ለጎን የሚሄድ የማስቀየሻ ቦይ መቆፈር ነው።

የቦዩ መጠን በቀላሉ ይሰላል። ከላይ ያለው ተፋሰስ ግማሽ ሄክታር፣ የፍሰት ምጣኔው 0.5፣ የዝናቡ ብርታት በሰዓት 90 ሚሊ ሜትር ቢሆን የሚመጣው ውሃ በሰከንድ 62.5 ሊትር ነው። በማኒንግ ቀመር መሠረት ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 20 ሴንቲ ሜትር፣ ቁልቁለቱ 1 በመቶ፣ የሻካራነት መለኪያው 0.025 የሆነ የአፈር ቦይ በሰከንድ 69 ሊትር ገደማ ያስተላልፋል። 10 ሴንቲ ሜትር መጠባበቂያ ሲጨመር የቦዩ ጥልቀት 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 20 ሜትር ርዝመት ላለው ቦታ የሚቆፈረው አፈር ከ3 ሜትር ኩብ በታች ስለሆነ ጥቂት የቀን ሠራተኞች በአጭር ጊዜ የሚጨርሱት ሥራ ነው።

በዚህ ስሌት የውሃው ፍጥነት በሰከንድ 0.86 ሜትር ነው፤ ጠንካራ የሸክላ አፈር ይህን ይችላል። የቦዩ ቁልቁለት 4 በመቶ ቢደርስ ግን፣ ፍጥነቱ በቁልቁለቱ ስኩዌር ሩት ልክ ስለሚያድግ፣ በእጥፍ ጨምሮ በሰከንድ 1.7 ሜትር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቦዩ ራሱን እየሸረሸረ ወደ ሸለቆነት ይለወጣል። ስለዚህ በተዳፋት ላይ ቦዩ ተዳፋቱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ከመውረድ ይልቅ አግድም መሄድ አለበት፤ መውረድ ግድ በሚሆንበት ቦታም በድንጋይ መነጠፍ ወይም በደረጃ መሰበር ይኖርበታል።

ከቦዩ መጠን የማያንሰው ጥያቄ መጨረሻው ነው። የተቀየሰው ውሃ የሚደርስበት ቦታ አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ቦዩ ጎርፉን ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ከማዛወር ያለፈ ጥቅም የለውም። በመሆኑም ከቁፋሮ በፊት የመንገዱ ቦይ ወለል ከፍታ በመለኪያ መሣሪያ መነበብ አለበት። 25 ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ በ1 በመቶ ቁልቁለት ለመሄድ ብቻ 25 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይፈልጋል። የቤቱ ወለል ከፍታ የሚወሰነው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ወደ ላይ በመቁጠር ነው። ይህ ሳይደረግ ወለሉ ከተወሰነ፣ በኋላም መንገዱ ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ሲነጠፍ ከፍ ካለ፣ ግቢው ከመንገዱ በታች ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ማናቸውም ማስወገጃ ውሃን ሽቅብ ለመውሰድ የሚደረግ ትግል ይሆናል።

5. ጉድጓዱ ክፍት ሳለ

ለሰው ሕይወት አደገኛው ምዕራፍ ይህ ነው። ከጉድጓድ የወጣ እርጥብ አፈር 1 ሜትር ኩቡ ወደ 2 ቶን ይመዝናል። በወገቡ ልክ የተናደበት ሠራተኛ በገዛ ጉልበቱ ሊወጣ አይችልም። ሸክላማ አፈር ሲደርቅ ቀጥ ብሎ የሚቆም በመሆኑ ሠራተኛውንም ፎርማኑንም ያዘናጋል። ጥንካሬው ግን ከእርጥበቱ መጠን ጋር የሚለዋወጥ ነው። በጉድጓዱ አፍ ላይ የሚታይ ቀጭን ስንጥቅ ውሃ ሲሞላው፣ ውሃው ግድግዳውን ወደ ጉድጓዱ ይገፋል፤ ከሥርም አፈሩን ያለሰልሰዋል።

ስለዚህ አራት ጥንቃቄዎች አስፈላጊ ናቸው። አንደኛ፣ የተቆፈረው አፈር ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ በጉድጓዱ ጥልቀት ልክ ርቆ መከመር አለበት፤ አፉ ላይ የተከመረ አፈር ሸክምም የውሃ መያዣም ነው። ሁለተኛ፣ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ በአፈር ወይም በአሸዋ በተሞላ ማዳበሪያ ዝቅተኛ ክትር መሠራት ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ የጉድጓዱ ወለል ወደ አንድ ማዕዘን ያዘነበለ ሆኖ በዚያ ማዕዘን ላይ ጠጠር የተነጠፈበት ማጠራቀሚያ መቆፈርና ውሃው በሞተር ፓምፕ መሳብ አለበት። አራተኛ፣ ከዝናብ በኋላ ግድግዳውና የአፉ ስንጥቆች ሳይመረመሩ ሠራተኛ ወደ ጉድጓዱ መውረድ የለበትም።

የመሠረቱ ወለልም ጥበቃ ይፈልጋል። በዲዛይን የተወሰደው የአፈር ጥንካሬ ላልተነካ አፈር እንጂ አንድ ሌሊት ውሃ ተኝቶበት ለተቦካ አፈር አይደለም። በመሆኑም የመጨረሻው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር መቆፈር ያለበት ሊን ኮንክሪቱ በሚፈስበት ዕለት ነው። ውሃ የገባበት ወለል ካለ፣ የላመው አፈር እስከ ጠንካራው ድረስ ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ በላዩ ላይ ደረቅ አፈር መበተን ችግሩን መሸፈን ብቻ ነው።

6. ደጋፊ ግንብና ከጀርባው ያለው ውሃ

በተዳፋት ሰፈሮች ከሚታዩ ጉዳቶች መካከል የደጋፊ ግንብ መውደቅ ጎልቶ ይታያል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በድንጋዩ ወይም በሲሚንቶው ጥራት ይሳበባል። የሚከተለው ስሌት ግን ጥራቱ ያልጎደለ ግንብም በውሃ ብቻ ሊወድቅ እንደሚችል ያሳያል።

ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ግንብ ከጀርባው ያለው ሙሌት ደረቅ፣ የአፈሩ ክብደት በሜትር ኩብ 18 ኪሎ ኒውተን፣ የግፊት ምጣኔው አንድ ሦስተኛ ነው ይባል። በግንቡ እያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ የሚያርፈው ግፊት 27 ኪሎ ኒውተን ነው። አሁን ሙሌቱ እስከ ላይ በውሃ ቢሞላ፣ የአፈሩ ውጤታማ ክብደት ወደ 9.2 ኪሎ ኒውተን ስለሚቀንስ የአፈሩ ድርሻ ወደ 13.8 ይወርዳል። ነገር ግን ውሃው ራሱ 44.1 ኪሎ ኒውተን ይጨምራል። ድምሩ 58 ኪሎ ኒውተን ገደማ፣ ማለትም ከቀድሞው ከ2 እጥፍ በላይ ነው። የሁለቱም ግፊት በግንቡ ቁመት አንድ ሦስተኛ ላይ ስለሚያርፍ ግንቡን የሚገለብጠው ኃይልም በዚያው ልክ ይባዛል። ለመገልበጥ 2 እጥፍ የደኅንነት መጠባበቂያ ተይዞለት የተሠራ ግንብ በዚህ ሁኔታ መጠባበቂያውን ሙሉ በሙሉ ያጣል።

መፍትሔው ግንቡን ማወፈር ሳይሆን ውሃውን ማስወጣት ነው። ከግንቡ ጀርባ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጠጠር ድርድር፣ በጠጠሩና በአፈሩ መካከል ጂኦቴክስታይል የተባለው ማጣሪያ ጨርቅ፣ ከሥር ቀዳዳ ያለው ቱቦ፣ በግንቡ ፊት ደግሞ በየ1.5 ሜትር ገደማ የውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ያስፈልጋል። እዚህም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ጠጠሩ የሚገባው ግንቡ ከፍ እያለ ሲሄድ ጎን ለጎን ነው። ግንቡ ካለቀ በኋላ ከጀርባው ከቁፋሮ የወጣው ሸክላ ከተሞላ፣ ማስተንፈሻዎቹ ለዓይን ይታያሉ እንጂ አንድም ጠብታ አያወጡም።

7. በጥቁር አፈር ላይ የሚፈጠር ገንዳ

በጥቁር አፈር ላይ የተለመደው ልማድ አፈሩን እስከተወሰነ ጥልቀት ቆፍሮ አውጥቶ በምትኩ ሰሌክት ማቴሪያል መሙላትና መጠቅጠቅ ነው። ልማዱ በራሱ ስሕተት አይደለም። ይሁን እንጂ ሳይታሰብ የሚፈጥረው ነገር አለ። ውሃ የሚያሳልፍ ሙሌት ውሃ በማያሳልፍ ሸክላ ተከብቦ ሲቀመጥ፣ ከቤቱ ሥር ገንዳ ይሠራል። ከጣሪያ የወረደው፣ ከግቢው የሰረገው፣ ከቧንቧ የፈሰሰው ውሃ በሙሌቱ በኩል ወርዶ በገንዳው ይጠራቀማል፤ መውጫ ስለሌለውም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሳይቀር የገንዳውን ወለልና ጎን እያራሰ ይቆያል። በዚህ መንገድ ከቤቱ ሥር ከቀረው ሸክላ ጋር ውሃን የሚያገናኘው፣ ቤቱን ከሸክላው ለመጠበቅ የገባው ሙሌት ራሱ ይሆናል።

የሸክላው እብጠት ከባድ ፎቅን ከሚያነሣው ይልቅ ባለ አንድ ፎቅ ቤትን፣ አጥርንና የግቢ ንጣፍን ያነሣል፤ የእነዚህ ክብደት ከእብጠቱ ግፊት ያነሰ ነውና። ከዚህም በላይ ጉዳት የሚያመጣው እብጠቱ ወጥ አለመሆኑ ነው። አሸንዳ በሚወርድበት ማዕዘን ያለው አፈር ሲያብጥ፣ በረንዳ የሸፈነው ክፍል ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ በሰያፍ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ሙሌት በሚደረግበት ቦታ ሁሉ የገንዳው ወለል ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ከዝቅተኛው ነጥብ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ይህ ቱቦ መቀበር የሚችለው ሙሌቱ ከመግባቱ በፊት ብቻ ነው። የሙሌቱ የላይኛ ክፍልም ከቤቱ ግድግዳ ውጭ ውሃ በማያሳልፍ ንጣፍ መሸፈን ይኖርበታል። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ እንዲሄድ ይመከራል። በቀይ አፈር ላይ ከመሠረቱ ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ ሊሠራ የሚችለው የማስረጊያ ጉድጓድ በጥቁር አፈር ላይ ፈጽሞ አይመከርም።

8. ከጣሪያ በኋላ

ጣሪያ ሲመታ ግንባታው ከዝናብ የዳነ ይመስላል። በእርግጥም የውስጡ ሥራ ይድናል፤ መሠረቱ ግን ለአዲስ አደጋ ይጋለጣል። ቀድሞ በመሬቱ ላይ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ አሁን በጣሪያው ጠርዝ መስመር ተሰብስቦ ይወርዳል። 120 ካሬ ሜትር ጣሪያ በሰዓት 90 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያርፍበት በሰከንድ 3 ሊትር ያወርዳል። ይህ ውሃ የሚያርፈው ከመሠረቱ ጎን፣ ተቆፍሮ እንደገና በተሞላውና ገና ባልጠበቀው አፈር ላይ ነው። አሸንዳ ከቀለምና ከበር ጋር የማጠናቀቂያ ሥራ ተደርጎ ለወራት ሲዘገይ፣ አንድ ክረምት ሙሉ መሠረቱን ያጠጣል። በመሆኑም አሸንዳው ከቆርቆሮው ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ መገጠም፣ ቋሚ መውረጃው ባይደርስ እንኳ በጊዜያዊ ቱቦ ውሃውን ከቤቱ ማራቅ ይገባዋል።

ከጣሪያ የሚገኘው ውሃ ጥቅምም አለው። 120 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ ዓመታዊው ዝናብ 1,100 ሚሊ ሜትር ሆኖ 80 በመቶው ቢሰበሰብ፣ በዓመት ከ100 ሜትር ኩብ በላይ ይሰጣል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ይህ ውሃ ኮንክሪት ለማጠጣትና ለግቢ ሥራ ያገለግላል። ሆኖም የሮቶ ማጠራቀሚያ ጎርፍን ይቀንሳል የሚለው ግምት በጥንቃቄ መታየት አለበት። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በዚህ ጣሪያ ላይ ከ17 ሚሊ ሜትር ባነሰ ዝናብ ይሞላል። በሐምሌ ዕለት በዕለት ሲዘንብ ቀድሞ የሞላ ሮቶ ለጎርፉ ምንም አያደርግም። ጎርፍ እንዲቀንስ የተፈለገ ማጠራቀሚያ ከሚቀጥለው ዝናብ በፊት በከፊልም ቢሆን መጉደል አለበት፤ ትርፉን የሚወስድ ቱቦም ያስፈልገዋል።

የጣሪያን ውሃ ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘት ሌላው ተደጋጋሚ ችግር ነው። የፍሳሽ መስመር የሚሠራው ለቤት ውስጥ ፍሳሽ መጠን ነው፤ የጥቂት ቤቶች የጣሪያ ውሃ ሲገባበት ከዝቅተኛው ማንሆል ፈንቅሎ ይወጣል። የላይኛው ቤት ችግሩን በርካሽ ሲገላገል የታችኛው ቤት ቆሻሻ ውሃ ይቀበላል።

9. ደለልና የታችኛው ጎረቤት

ከግንባታ ቦታ የሚወጣው ውሃ ብቻውን አይሄድም፤ አፈር፣ አሸዋና የሲሚንቶ ዝቃጭ ይዞ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ የደለል ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ነው። የዚህን ጉድጓድ አቅም የስቶክስ ሕግ በግልጽ ያሳያል። መጠኑ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ደቃቅ አሸዋ በረጋ ውሃ ውስጥ 1 ሜትር ለመስመጥ 2 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። መጠኑ 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነ የሸክላ ቅንጣት ግን ያንኑ 1 ሜትር ለመስመጥ 3 ቀን ገደማ ይወስድበታል። ስለዚህ የማጠራቀሚያ ጉድጓድ አሸዋን ይይዛል፤ ሸክላን አይዝም።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት በሸክላማ ሰፈሮች ደለልን ከተነሣ በኋላ ከመያዝ ይልቅ እንዳይነሣ መከላከል የተሻለ መሆኑን ነው። ሣሩ በአንድ ጊዜ ተገፍፎ ቦታው በሙሉ ከሚራቆት፣ ለሚሠራበት ክፍል ያህል ብቻ መገፈፍ አለበት። የአፈር ክምር በፕላስቲክ መሸፈን፣ አሸዋና ጠጠር ከመንገድ ቦይ ርቀው መራገፍ፣ የመኪና መውጫው በካባ ድንጋይ መነጠፍ አለበት። እነዚህ ጥንቃቄዎች ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ሳይደረጉ ሲቀሩ የሚከተለው ዕዳ ግን ለሌላ ሰው ይተርፋል፤ የተደፈነ የሰፈር ቦይ በሚቀጥለው ዝናብ ውሃውን የሚያስገባው ግንባታው ወዳለበት ግቢ ሳይሆን ወደ ታችኛው ቤት ነው።

10. ውል፣ ክፍያና ኃላፊነት

ባለሙያዎች ይህን ሁሉ የሚያውቁ ከሆነ ሥራው ለምን ይዘገያል? አንዱ ምክንያት በሥራ ዝርዝሩ አወቃቀር ውስጥ ይገኛል። የዝናብ ውሃ ማስወገጃ በአብዛኛው የሚጻፈው በዝርዝሩ መጨረሻ፣ በግቢ ሥራ ርእስ ሥር ነው። ተቋራጩ ክፍያ የሚጠይቀው ያንን ክፍል ሲሠራ በመሆኑ ቀደም ብሎ ለመሥራት የሚገፋፋው ነገር የለም። ጊዜያዊው ማስወገጃ ደግሞ በጠቅላላ ዋጋ ውስጥ እንደተካተተ ስለሚቆጠር፣ ቦዩን የቆፈረውም ያልቆፈረውም ተቋራጭ የሚያገኙት ክፍያ እኩል ነው። የጨረታ ውድድር ባለበት ሁኔታ ይህ አሠራር ጠንቃቃውን የሚቀጣ ነው።

ሕጉ ለዚህ ጉዳይ ባዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን ከሚያውክ ወይም ከሚጎዳ አድራጎት እንዲቆጠብ ያዛል። የሕንፃ ሕጉም ግንባታን ከፈቃድና ከቁጥጥር ሥርዓት ጋር አስተሳስሯል። ይሁን እንጂ የፍትሐ ብሔር ኃላፊነት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ግድግዳው ከወደቀ በኋላ ነው። ከጉዳቱ በፊት የሚሠራ መሣሪያ ፈቃዱና ውሉ ናቸው። ለፈቃድ ከሚቀርቡ ሥዕሎች ጋር የግንባታ ወቅት የውሃ አመራርን የሚያሳይ አንድ ገጽ ቢጠየቅ፣ ቁጥጥሩ የሚመረምረው ነገር ያገኛል። ገጹ የላይኛውን ቦይ፣ የጉድጓዱን ማጠራቀሚያ፣ የአፈር ክምሩን ቦታና የመውጫውን ከፍታ ቢያሳይ ይበቃል።

11. ማጠቃለያ

ከቀረቡት ስሌቶች የሚወጣው ዋና ነጥብ አንድ ነው። በመኖሪያ ቤት ግንባታ ቦታ የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ዋጋ የሚወሰነው በሚሠራበት ጊዜ ነው። ከቁፋሮ በፊት ከ3 ሜትር ኩብ የማይበልጥ ቁፋሮ የሚጠይቀው ቦይ ከቁፋሮ በኋላ ጉድጓድ እንደገና ማጽዳትን ይጠይቃል። ከሙሌት በፊት በቀላሉ የሚቀበር ቱቦ ከሙሌት በኋላ ቤት ሳይፈርስ አይቀበርም። ከግንቡ ጎን ለጎን የሚገባ ጠጠር ግንቡ ካለቀ በኋላ አይገባም።

ስለዚህ ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ቁፋሮና መሠረት በተቻለ መጠን ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት እንዲጠናቀቁ፣ ይህ ባልተቻለበት ቦታ ደግሞ ማስቀየሻው ሳይሠራ ቁፋሮ እንዳይጀመር ማድረግ። ሁለተኛ፣ ጊዜያዊና ቋሚ የውሃ ማስወገጃን በሥራ ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ በተለየ ዋጋ ማስቀመጥ። ሦስተኛ፣ ጥቁር አፈር በሚሞላበት ቦታ ሁሉ የሙሌቱ ማስወጫ ቱቦ በመሠረት ሥዕሉ ላይ እንዲታይና ሳይመረመር እንዳይሸፈን ማድረግ።

ለቀጣይ የድኅረ ምረቃ ጥናት ሰፊ ቦታ አለ። በሰሌክት ማቴሪያል ሙሌት ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ከክረምት እስከ በጋ በመለኪያ ጉድጓድ መከታተል፣ በተለያዩ ክፍለ ከተሞች ካሉ የግንባታ ቦታዎች የሚወጣውን ደለል መመዘን፣ የማስወገጃው ክፍያ በሥራ ዝርዝሩ የተለየባቸውንና ያልተለየባቸውን ውሎች ማነጻጸር እያንዳንዳቸው ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ ይሆናሉ። እንዲህ ያሉ መለኪያዎች እየተሰበሰቡ ሲሄዱ፣ እዚህ በማሳያነት የቀረቡት ቁጥሮች ለየሰፈሩ በሚስማሙ የዲዛይን ቁጥሮች ሊተኩ ይችላሉ።